የአሰልጣኙ አማላጆች

ኪዳነ ወልድ የሚተዳደረው ሰው በመጣል ነው። ይህ ስም ማጥፋት ሳይሆን የሥራ መደቡ ነው፤ ሲያትል ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ «ጉጉቶቹ» በሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ የተከላካዮች አሰልጣኝ ነው። ጨዋታውን ለማስረዳት ረጅም ጊዜ አይፈጅም። አንደኛው ወገን ኳሱን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደፊት መሄድ ይፈልጋል፤ የኪዳነ ወልድ ልጆች ደግሞ አቃፊውን መሬት ላይ ያነጥፉታል። የቀረው የራስ ቁርና የቢራ ማስታወቂያ ነው።

ሌክ ሲቲ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ያለው ሐበሻ ይህን ሥራ በልቡ ተቀብሎለት አያውቅም። «ኳስ አሰልጣኝ ሆነ» የተባለ ዕለት ሁሉም እልል ሊል ነበር፤ ኳሷ በእጅ እንደምትያዝና ቅርጿ ድንች እንደሚመስል ሲሰማ ግን ቀዘቀዘ። ቀጥሎ «ዲፌንስ ነው የሚሠራው» ተባለና መከላከያ ሚኒስቴር የገባ የመሰላቸው ሰዎች አንድ ክረምት ሙሉ ፊት ነሱት። ነገሩ ሲጣራም ፊታቸውን አልመለሱለትም፤ ለምዶባቸው ቀረ።

እሱም ለሰው ፊት የሚጓጓ አይደለም። ሲጨብጡት የሰውየውን ክብደት የሚገምት ነው የሚመስለው። በልጅነቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከሲያትል አጠገብ ታኮማ አደገ፣ ተጫወተ፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ ወደ ማሰልጠን ዞረ። ሞንታና ውስጥ ከተማሪው ከብቱ በሚበዛበት ኮሌጅ የተጫዋቾችን ካልሲ እያጠበ ጀመረ። ከዚያ አይዳሆ፣ ከዚያ ኔቫዳ። በዚህ ሙያ ቡድን ሲሸነፍ ዋናው አሰልጣኝ ይባረራል፤ ዋናው ሲባረር ረዳቶቹን ጠራርጎ ይዞ ይሄዳል። ኪዳነ ወልድ ጉልምስናውን በሰው ጥፋት ዕቃ ሲጭን ነው የፈጀው። ማንአልሞሽንም ያገባት በሁለት መባረር መሀል ነበር። በመጨረሻ ሲያትል ተመለሰና የጉጉቶቹን ተከላካይ ክፍል ማንም የማያልፈው አደረገው፤ ጋዜጦቹም ቀጣዩ ዋና አሰልጣኝ እሱ ነው ማለት ጀመሩ። ይህን ካነበቡት ሰዎች አንዱ ዋናው አሰልጣኝ ራስል ቦይድ ነበር።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከኪዳነ ወልድ ልጆች አንዱ ጭንቅላቱን ተመታ። ተነስቶ በቀጥታ የተጋጣሚው ቡድን አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ኪዳነ ወልድ እጁን ይዞ መለሰውና የራስ ቁሩን ወስዶ አግዳሚው ስር ደበቀው። ከዕረፍት በኋላ ቦይድ በጆሮ ማዳመጫው «ልጁን አስገባው» አለ። ኪዳነ ወልድ እምቢ አለ። ሜዳው ሁሉ የተቆጠረ ነጥብ እያየ ሲጮኽ ቦይድ ራሱ መጣ፣ ቁሩን ከአግዳሚው ስር ጎትቶ ልጁን ገፍቶ አስገባው። ልጁ ብዙ አልቆየም፤ ወደቀ፣ በአምቡላንስ ተወሰደ። ተረፈ፣ ተሽሎትም ከሆስፒታል ወጣ፤ ያ ቅዳሜ ግን ከነጠዋቱ ከጭንቅላቱ ጠፍቷል። ቦይድ «ተከላካዮቹ የኪዳነ ወልድ ናቸው፣ ያስገባውም እሱ ነው» አለ። የጆሮ ማዳመጫ ንግግር አይቀዳም። ያየች ብትኖር የቡድኑ ወጌሻ ናት፤ እሷም ያየችው ቁሩ ሲደበቅ እንጂ ሲወጣ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኪዳነ ወልድ ጥፋተኛ ከተባለ የሚያጣው ይህን ወንበር ብቻ አይደለም። የተሸነፈ አሰልጣኝ ሌላ ቦታ ይቀጠራል፤ ጭንቅላቱ የዞረ ልጅ ወደ ሜዳ የመለሰ አሰልጣኝን ግን በመላው አሜሪካ ካልሲ የሚያሳጥበው ቡድን አይገኝም። ጠበቃው አንድ ምክር ብቻ ሰጠው፤ ዝም በል። አንተ ምንም ካላልክ ወጌሻዋ ትበቃሃለች፣ ቦይድ በራሱ ምላስ ይጠለፋል አለው። ዝም በል መባል ለኪዳነ ወልድ ዓሣን ዋኝ እንደማለት ነው። ዝም አለ። ቤቱም ገብቶ ዝም አለ።

ሚስቱ ማንአልሞሽ ናት ዝምታውን ያልቻለችው። በእሷ ግምት ሰው በዚህ አገር የሚባረረው አጥፍቶ ሳይሆን ሰው አጥቶ ነው። ቦይድ ከዩኒቨርሲቲው ቦርድ አባላት ጋር ጎልፍ ይጫወታል፤ ባሏ ከማንም ጋር ምንም አይጫወትም። የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወደ አባቷ ደወለች።

አባቷ አቶ ተክለ ጻድቅ ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ራጅ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ እንግሊዝኛቸው እንደ ክራቫታቸው የተስተካከለ ሰው ናቸው። የአጥንት ስብራት ሲያዩ ኖረው አሁን የሰው ስብራት ያያሉ፤ የሌክ ሲቲ ዋና ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተካሰሰ የሱቅ ሸሪክ፣ የተቃቃረ ወንድማማች፣ እሳቸው ፊት ተቀምጦ ሳይታረቅ የተነሳ የለም ይባላል። ከማንአልሞሽ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። አቶ ተክለ ጻድቅ ከገዛ አማቻቸው ጋር ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም።

የኩርፊያው ምክንያት የማንአልሞሽና የኪዳነ ወልድ ሕፃን ክርስትና ነው። ክርስትናው ቅዳሜ ዋለ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጨዋታ አለ። አቶ ተክለ ጻድቅ እንግዳውን ሁሉ ብቻቸውን እየተቀበሉ፣ «አባትየው የት አለ?» ላለ ሁሉ ፈገግ እያሉ ዋሉ። ማታ አማቻቸው ጭቃ የነካው ጫማ አድርጎ ሲገባ ያሰቡትን አሉት። እሱም የሰው ጠብ ባይኖር ኖሮ እርስዎ ምን ሊሠሩ ነበር ሲል መለሰ። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠው በማንአልሞሽ በኩል ይወራወራሉ፤ ባልሽን ጨው አቀብል በይው፣ አባትሽ አጠገባቸው ነው በያቸው። በዓል ላይ ሰው ሲኖር ጎን ለጎን ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶው ላይ ያምራሉ።

ማንአልሞሽ አባቷ እምቢ ይላሉ ብላ ፈርታ ነበር። ሳያንገራግሩ እሺ አሉ። እሑድ ጠዋት ተላጭተው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ተነሱ። አንደኛው ሌክ ሲቲ የሥጋና የቅመም ሱቅ ያላቸው የደሴው ሰው ሀጂ ዓብዱልፈታህ፣ ሁለተኛው ከቱክዊላ ከተማ ወደ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልሱት ጋሽ መንግሥቴ ናቸው። የሄዱትም በጋሽ መንግሥቴ ቫን ነው። ጋሽ መንግሥቴ እንደ ድሮው ድንጋይ ተሸክመን እንግባ የሚል ሐሳብ አምጥተው ነበር፤ ሀጂ የበሩ ካሜራ ድንጋይና ቦምብ አይለይም ብለው አስተዉአቸው።

የሄዱት ወደ ቢሮ አይደለም፤ ሽማግሌ ቢሮ አይሄድም። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ኃላፊ ሚስ ሃልቮርሰን ቤት ነው በማለዳ የደረሱት። የሩጫ ልብስ ለብሳ በሩን ስትከፍት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሰው የሞተ መሰላት። ግቡ አለች፣ ገቡ። ተቀመጡ አለች፣ እምቢ አሉ። አማላጅ ነገሩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ውሃ አቀረበች፣ አልነኩም። ወንበር ከጓዳ ጎትታ አመጣች፤ ሦስቱም ከወንበሩ ፊት ቆመው ምንጣፉን ያያሉ። ሴትየዋ እሷም መቀመጥ ፈርታ ቆማ ቀረች።

አቶ ተክለ ጻድቅ ጀመሩ። አማላጅነት ሥርዓት አለው። አማላጅ ክርክር አይገጥምም፣ ልጃችን ንጹሕ ነው አይልም፤ ንጹሕ ነው ያለ ዕለት የተበደለውን ሰው ውሸታም አለው ማለት ነው። መጀመሪያ ጥፋቱን ይቀበላል፣ ኋላ ምሕረት ይለምናል። ያጠፋም ያላጠፋም በዚሁ በር ነው የሚገባው። ይህን ሌክ ሲቲ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። ሚስ ሃልቮርሰን ግን የሌክ ሲቲ ሕፃን አይደለችም።

«ልጃችን አጥፍቷል» አሉ አቶ ተክለ ጻድቅ በዚያ ጥሩ እንግሊዝኛቸው። «የሰው ልጅ አስጎድቷል። ይቅር በሉት ብለን እግርሽ ላይ ወድቀናል።»

ሴትየዋ እሱ ራሱ እንዲህ ብሏል ወይ ስትል ጠየቀች። አቶ ተክለ ጻድቅ የእሱ ጥፋት የእኛ ጥፋት ነው አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትየዋ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ ስትል ሀጂ ነገሩ ተሳካ ብለው ቁጭ አሉ፤ ውሃም ጠጡ።

ሰኞ ጠዋት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ጠበቃው ዘንድ ደወሉ። የደንበኛህ ቤተሰብ ጥፋቱን አምነዋል፣ ሦስቱም ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ይናገራሉ አሉት። ጠበቃው ለኪዳነ ወልድ ሲነግረው ድምፁ የሰው ሳይሆን የሐኪም ሆነ።

ኪዳነ ወልድ ልምምዱን አቋርጦ ቤቱ ገባ። ማንአልሞሽ ድስት እያማሰለች ነበር።

«ማን ነው የላካቸው?»

«እኔ።»

«ከሰው ሁሉ አባትሽን?»

«ሌላ አባት የለኝም» አለች። ማማሰሉን አላቆመችም። «አንተ ዝም ስትል፣ እሳቸው ዝም ሲሉ፣ በመሀል የማወራው እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ጨው ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ጥፋትህን ስለሚያውቁ እሺ አሉ መሰለኝ።»

«ጥፋት የለብኝም።»

«የኳሱን አላልኩም።»

ቁልፉን አነሳና አባቷ ወደሚውሉበት ወደ ሀጂ ሱቅ ነዳ።

አቶ ተክለ ጻድቅ ሱቁ ደጃፍ ላይ በሩዝ ጆንያዎች አጠገብ ቆመው ጋዜጣ ያነባሉ። ሀጂ ውስጥ ሥጋ ይመዝናሉ። ኪዳነ ወልድ አጠገባቸው መጥቶ ቆመ። የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ቃል መሆኑ ነው፤ ሁለቱም ለሀጂ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተጣሉ።

«ሐሙስ መጥተው ‹ምንም አልነገረኝም› ይበሉ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«ሰላምታ የሚባል ነገር የለም?»

«ሰላም ልልዎት አይደለም የመጣሁት።»

«እሱንማ ክርስትናው ዕለትም ብለኸኛል።»

«ጌም ነበረኝ።»

«ልጅ ነበረህ።» ጋዜጣውን አጠፉ። «ስማኝ። አልነገረኝም ካልኩ ለምን አልነገረህም ይሉኛል። ምን ልበል? ሀጂ እዚያው ተቀምጦ፣ መንግሥቴ እዚያው ተቀምጦ፣ የሰው ቤት እየዞርኩ ታረቁ የምለው ሰውዬ የገዛ ልጄን ባል አኩርፌ ነው ልበል?»

«ታዲያ ስምዎ እንዳይነካ እኔ ልባረር።»

«ብትባረር የመጀመሪያህ ነው?»

ኪዳነ ወልድ አንድ እርምጃ ቀረበ። በሙያው የሰው እግር ወዴት እንደሚያዘነብል አይቶ ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የሽማግሌው እግር አልተንቀሳቀሰም።

«እስከ ዛሬ ያባረሩኝ በሰው ጥፋት ነው» አለ። «አንዱም ግን ‹አጥፍተሃል› ብሎኝ አያውቅም። የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት።»

አቶ ተክለ ጻድቅ ጋዜጣቸውን እንደገና ዘረጉ። ሀጂ ከውስጥ ወጥተው አማችዬው መጣ እንዴ፣ ሻይ በሉት እንጂ ሲሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ ልማድ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሚስ ሃልቮርሰን ጠረጴዛው ራስ ላይ፣ ቦይድ ከጠበቃው ጋር በአንድ በኩል፣ ኪዳነ ወልድ ከጠበቃው ጋር በሌላ በኩል ተቀመጡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግድግዳው ሥር ናቸው። ወጌሻዋ ቁሩ ሲደበቅ ማየቷን ተናገረች። የቦይድ ጠበቃ ታዲያ ማን አወጣው አላት፤ አላየሁም አለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። አቶ ተክለ ጻድቅ ተነሱ፤ ተቀምጠው ይናገሩ ቢባሉ እምቢ አሉ።

የቦይድ ጠበቃ ትሑት ነበር። እሑድ ዕለት ልጃችን አጥፍቷል ብለው ነበር ወይ አለ። ብዬአለሁ አሉ። ልጁን ያስገባው እሱ መሆኑን ነገረዎት ወይ አለ። አቶ ተክለ ጻድቅ በእኛ ሥርዓት እንዲህ ነው ብለው ስለ አማላጅነት ማስረዳት ጀመሩ፤ ጠበቃው በአክብሮት ሰምቶ ሲያበቃ ወደ ጥያቄው ተመለሰ። የነገረዎት የት ነው? ቤቱ? ቤትዎ? በምን ቀን?

አማላጅነት ለጥፋት ሁሉ ይበቃል፤ ቀንና ቦታ ግን የለውም። ቀንና ቦታ ያለው ነገር ወይ እውነት ነው ወይ ውሸት። አቶ ተክለ ጻድቅ አንዱን ቀን ጠርተው ማክሰኞ ቢሉ ነገሩ ያበቃል፤ ማክሰኞ ለማለት ደግሞ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ኪዳነ ወልድ አየ። እንዲህ የተከፈተ አፍ ያውቃል፤ ኳሱን ለማን እንደሚወረውር ያልወሰነ ሰው አፍ ነው። ዓይኑን ከሽማግሌው አላነሳም። ልመናም አላሳየም፤ ቢለምናቸው ኖሮ ምናልባት ማክሰኞ ባሉ።

«በምንም ቀን አልነገረኝም» አሉ አቶ ተክለ ጻድቅ።

«ይቅርታ?»

«እኔና ይህ ሰው አንነጋገርም። ሦስት ዓመት ሆነን። የልጁ ክርስትና ላይ አልመጣም፣ ተናገርኩት፣ መለሰልኝ፤ ከዚያ ወዲህ የእግዚአብሔር ሰላምታ የለንም።» ከጎናቸው ሀጂ ዓብዱልፈታህ ቀና ሲሉ ይታወቃቸዋል፤ ዞረው አላዩም። «ይህ ሰው የጫማውን ቁጥር እንኳ ለእኔ አይነግረኝም። እንኳን ጥፋቱን።»

የቦይድ ጠበቃ ትሕትናው ቀነሰ። ታዲያ ለማይነጋገሩት ሰው ምን ብለው ሊያማልዱ ሄዱ አለ።

«ልጄ ለመነችኝ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ አጥፍቷል ማለት አልከበደኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ይከብደኝ ነበር። እንደማልወደው እሱም ያውቃል፣ ጠይቁት።»

ሚስ ሃልቮርሰን ወደ ኪዳነ ወልድ ዞረች። የራሱ ጠበቃ በክርኑ ጎሸመው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጊዜ መናገር የተፈቀደለት አሁን ነው።

«እኔም አልወዳቸውም» አለ ኪዳነ ወልድ።

ኮሚቴው የሽማግሌዎቹን ቃል ከመዝገብ ሰረዘና ለመምከር ወጣ። በኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ጠበቆች ስልካቸውን ያያሉ። ሀጂ ዓብዱልፈታህ ወደ ጓደኛቸው ቀረቡ። ሀጂ ከወንድማቸው ጋር አሥር ዓመት ተቃቅረው በኖሩ ጊዜ ያስታረቋቸው አቶ ተክለ ጻድቅ ናቸው።

«ተክለ ጻድቅ» አሉ በቀስታ፣ «ቂም ይዞ የተኛ ሰው ጸሎቱ አይሰማም ብለህ እኔን ያስለቀስከኝ፣ ከዚህ ልጅ ጋር ተኳርፈህ ነው?»

ጋሽ መንግሥቴ የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ፤ ኤርፖርት ሰው ይጠብቀኛል አሉ። ሀጂ ተከተሏቸው። አቶ ተክለ ጻድቅም ሊከተሉ አንድ እግር አንስተው ነበር። ቫኑ እሳቸውን እንደማይጭን ከሁለቱ ጀርባ አነበቡትና እግሩን መለሱት።

«ሥራህን አተረፍክ» አሉ ኪዳነ ወልድን ሳያዩ። «የእኔን ወሰድክ።»

«ቂሙን ያስያዝኩዎት እኔ አይደለሁም።»

«አንተማ ምን ይዘህ ታውቃለህ።»

ኮሚቴው ሲመለስ አጭር ነበር። ቁሩን የደበቀ ሰው ቁሩን መልሶ የሚያወጣበት ምክንያት አይታይም፣ የእምነት ቃል የተባለው ደግሞ የለም፤ ኪዳነ ወልድ በሥራው ይቀጥላል፣ የቦይድ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ጠበቃው ትከሻውን መታው። ኪዳነ ወልድ ልምምድ እንዳያመልጠው ሰዓቱን እያየ አመሰግናለሁ አለ። ለማንአልሞሽ ደወለ፤ ቀጥያለሁ አላት። አባዬስ አለች። ስልኩን ዘጋው።

ውጭ ያ የሲያትል ዝናብ ይዘንባል፤ ሰው የማያረጥብ የሚመስል፣ ኋላ ግን እስከ አጥንት የሚገባ። ከዩኒቨርሲቲው በር ሲወጣ አቶ ተክለ ጻድቅ የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመዋል። መጠለያው ሥር ተማሪዎች ስለሞሉት እሳቸው ውጭ ናቸው። ኪዳነ ወልድ መኪናውን ከጠርዙ አስጠግቶ አቆመ። መስኮቱን አላወረደም፤ ይግቡ ቢል መለመን ነው። ሽማግሌው መኪናውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ አውቶቡሱ የለም። የፊተኛው በር አጠገብ ቆመው እጃቸውን ሰደዱና መለሱት። የኋላውን በር ከፍተው ገቡ፤ ቀበቶ አሰሩ።

«ሌክ ሲቲ» አሉ፣ ለታክሲ ሹፌር እንደሚባለው።

ኪዳነ ወልድ ነዳ። መንገዱን ሁሉ ዝናብ መጥረጊያው ብቻ ተናገረ። ሕንፃቸው ደጃፍ ሲደርሱ አቶ ተክለ ጻድቅ ወረዱ፤ የባርኔጣቸውን ውሃ አራገፉ፤ በሩን እንደተከፈተ ትተውት ቀስ ብለው ወደ ደረጃው ሄዱ። ዝናቡ መቀመጫው ላይ ይገባ ጀመር። ኪዳነ ወልድ እስኪገቡ አየና፣ ወርዶ ዞሮ፣ በሩን ዘጋው።